ቁልፍ እንቀርፃለን

ከፒያሳ ዝቅ ሲል፣ ከፎቶ ቤቱ ሥር፣
ቆርቆሮ ሱቅ አለኝ፣ ጎንበስ የሚያስብል በር።
ግንባሯ ላይ ፅሁፍ፣ በቀይ ቀለም የፃፍኩት፣
«ቁልፍ እንቀርፃለን» — «እን» ብዬ ያበዛሁት።
ብቻዬን ነኝ እንጂ፣ ከሞረድ በስተቀር ማን አለኝ ባልደረባ፣
እስከዚያ ሐሙስ ድረስ፣ እስክትመጣ ሉባባ።

የስሚንቶ ከረጢት ባንኮኒዬ ላይ ጥላ፣
አቧራው ዓይኔን ሲሞላው ይቅርታም ሳትል፣ ቀጥላ፣
«በር የሞተባቸው ቁልፎች የሉህም?» አለችኝ።
«ለምንሽ?» ስላት፣ «እኔም እቀርፃለሁ» ብላ ሣቀችብኝ።
ገበያዬን ልትሻማ የመጣች ነበር የመሰለኝ።

ሆጤ፣ ከተከራየችው ጓሮ ስገባ ግን አየሁ፤
ከቆርኪ የተሠራ በግ ነፋስ ሲነካው ሲንሿሿ ሰማሁ፤
የብስክሌት ሰንሰለት ሹሩባ ሆኖ፣ ግራሶው ገና ሳይደርቅ፣
ከወንፊት የወጣ ፊት፣ ፀሐይ በዓይኑ ገብታ በጉንጩ የምትፈልቅ፤
የልዋጭ ነጋዴውም ሚዛኑን በትከሻው አንጠልጥሎ፣
«በጉን በስድሳ ብር ልያዘው» ይላታል፣ «ቆርኪ አይደል፣ ምን ኪሎ!»
እሷ «አይሸጥም» አላለችም።
«መጀመሪያ እረደው» አለችው።

የወተት ዱቄት ጣሳዬን ከመደርደሪያው አወረድኩላት፤
አሥራ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ፣ ዝገት ጥርሱን የበላበት፤
አስቀርፀው ሳይመለሱ የቀሩ፣
አከራይ ጓጉንቸር የለወጠባቸው፣ ፍቅረኛ ልቧን የለወጠችባቸው ነበሩ።
የቀሩትስ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ የመጡት፣
ቆልፈው የወጡ ሰዎች ናቸው ያስቀመጡት፤
ሲመለሱ በሩ ከነመቃኑ ተነቅሎ ጠበቃቸው፤
ቁልፉን ከመቀነት ፈትተው
«ያዝልን» አሉኝ፣ መጣሉ ቢያስፈራቸው።
ያዝኩላቸው። ጣሳ ምን ይከብደዋል ብዬ።
ሌሊት የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ግን
ያንኳኳ ነበር፣ እንደ እንግዳ።

አምስት ወር በየደች። መብራት ሲጠፋ በሽቦ አሰረች።
ጣቷ ተቃጠለ፤ የሁለት ወር ኪራይ አሳለፈች።
እኔም ማታ ማታ፣ ሱቄን ዘግቼ፣
ሹል ሹሉን እሞርድላት ጀመር፣ ጓሮው ጥግ ተጎልቼ።
ልትነሳ ያለች ሴት ናት፣ ወይ ልትቀመጥ፤ እስከ ዛሬ አልለየሁም፤
ጉልበቷ የጓጉንቸር፣ ጣቶቿ የቁም ሣጥን ነው፤
ደረቷ ግን በሙሉ የውጭ በር፣ ሌላ የለበትም።
የሰፈር ልጆች «እትዬ ቁልፌ» አሏት። እሷ አትመልስም።

አንድ ቅዳሜ ከኩታበር ጋሽ አረቡ መጡ፤
በክር የታሰረ መነጽራቸውን ካፎቱ አወጡ፤
ዞሯት፣ ደግመው ዞሯት፣ እንደ ገበያ በሬ፣
ከግራ ጎኗ፣ ሦስተኛው አጥንት ላይ ጣታቸውን ተክለው፣
«ይቺ የኔ ናት» አሉ።
እውነታቸውን ነው። ሁለት ከፍ፣ አንድ ዝቅ፣
ሞረዴ ያዳለጠው ጫፏ እንኳ አለ፤
በልጃቸው ሠርግ ሰሞን በችኮላ የቀረፅኳት።
ሉባባ አልተከራከረችም። ፒንሳ አነሳች፤
አምስት ወር የደከመችበትን ጎን ቀጭ አድርጋ ከፈተች።
ሽማግሌው ቁልፏን በመዳፋቸው መዘኗት፤
«በር አሠርቻለሁ፣ አዲስ ነው፤ ይቺ አትከፍተውም።
ሚስማር ላይ ልስቀላት።»
ሄዱ። ሻይም አልጠጡም።

እኔ ልማዴ አይደል፣ ጎዶሎ አይቼ ማለፍ አልችል፣
«ነገ ሌላ ቀርፄ አመጣልሻለሁ፣ በልኩ፣ በጥርሱ» ስል፣
የጦሳ ነፋስ በቀዳዳው ገብቶ ሲያፏጭ ሰማችና፣
«ተወው» አለች፣ ፒንሳውን በቀሚሷ እየጠረገችና፣
«እስካሁን ግድግዳ ብቻ ነበረች።
በር ይኑራት።»

ሐምሌ ቀዩን ቀለም አጠበው፤ መስከረም ላይ ብሩሽ ያዝኩ።
«ቁልፍ» ብዬ ፃፍኩ።
«እን» ላይ ስደርስ፣
ያበዛሁ አልመሰለኝም።